ከመስመሩ ወዲህ

ስድስተኛዋም ኳስ ቀለበቱን ሳትነካ ወደቀች።

ዝም ብላ ወድቃ ብትቀር ምን ነበረበት! እሷ ግን ነጥራ፣ አጥሩን መትታ፣ ተንከባልላ ተመልሳ ብይ እግር ሥር መጣች። ብይ ጎንበስ ብላ አነሣቻት። እጇ ላብ በላብ ሆኗል፤ ቀኝ ትከሻዋ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዛታል።

«ስድስት!» አለ አሰልጣኙ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «የገባ አንድ። ቀጥይ።»

ብይ የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው። አጭር ናት፣ ድንቡሽቡሽ ያለች፤ ሜዳ ላይ ደግሞ በሰው እግር መሃል ሹልክ ብላ ስታልፍ አትያዝም። ስሙን ትወደዋለች። ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ የቀራት አጭርነቷ ብቻ ነው።

ለሰባተኛዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ተንደርድራ መጥታ የሦስት ነጥቡ መስመር ጫፍ ላይ ቆመች፤ ኳሷን ወደ ቀኝ ዳሌዋ አወረደች፤ ከዚያ ትከሻዋን አዙራ ባላት ጉልበት ሁሉ አስፈነጠረቻት። እግሮቿ መሬት ሲረግጡ ሁለቱም ወደ ግራ ዞረው ነበር። ኳሷ የሰሌዳውን ጠርዝ ገጭታ ወጣች።

«በባልዲ ውሃ የምትደፋ አትመስልም?» አለች ከአግዳሚው አንዷ። ሳቁ ተከተለ። ብይ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ግን ምን ታድርግ፣ ሦስት ኳስ ይቀራታል።

ሦስቱም አልገቡም።

አሰልጣኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጎ ቀና አለ። «ነይ እስኪ ወዲህ» አላት። «ከራስሽ ቦታ አሳዪኝ።»

ከቀለበቱ በስተግራ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ሲሚንቶው የተሰነጠቀበት ቦታ አለ። ያ ቦታ የብይ ነው። ማንም አልሰጣትም፣ ማንም ደግሞ አይከራከራትም። ዓምና እዚያ ስንጥቅ ላይ ቆማ ከአሥር ዘጠኙን ታገባ ነበር። ኳሷ ከጣቶቿ ስትወጣ ኮሽ አይልም፤ መረቡ ብቻ ሽው ይላል። ትልልቆቹ ልጆች እንኳ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩዋት ነበር። ብይ ትምህርቷ መካከለኛ ነው፣ ድምፅዋ አያምርም፣ ሩጫ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ናት። ያቺ ውርወራ ግን የእሷ ነበረች።

ስንጥቁን ረገጠች። ኳሷን ከፍ አድርጋ ልትይዝ ፈለገች። እጇ ግን ሳታዘው ወደ ዳሌዋ ወረደ፣ ትከሻዋ ዞረ፣ ኳሷም በሰሌዳው አናት ላይ በርራ ከአጥሩ ውጪ ወደቀች።

ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋም። አራተኛዋ ላይ ማንም አልሳቀም፤ እሱ ደግሞ ከሳቁ የባሰ ነበር። ብይ ክው ብላ ቀረች። ከሩቅ መሳቷን ታውቅ ነበር። ይሄ የቅርቡ የት እንደ ሄደ ግን አታውቅም።

«አሥራ አንድ ልጅ ይዣለሁ» አለ አሰልጣኙ፣ ሲሰናበታቸው። «አንድ ቦታ ቀርቷል። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመስመሩ ከአሥር አራት ያገባች ትይዘዋለች። እንዴት ወረወርሽ ብዬ አልጠይቅም፤ ኳሷ ትግባ ብቻ።»

ቡድኑ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው። ብይ ከአራት ወር በኋላ አሥራ አምስት ይሞላታል። ዘንድሮ ካልገባች፣ አለቀ።

ነገሩ ከየት እንደ ተበላሸ ልንገራችሁ። ዓምና ቡድኑ የመጨረሻውን ጨዋታ በሦስት ነጥብ ተሸነፈ። አሰልጣኙ ተንጨረጨረ፤ በሳምንቱ ቀለም ይዞ መጣና የደበዘዘውን የሦስት ነጥብ መስመር ራሱ ቀባው። «ከዚህ ማግባት የማትችል ልጅ ለከርሞ ማሊያዬን አትለብስም!» አለ። በቃ። ያን ቀን ከሰዓት ብይ ስንጥቋን ትታ መስመሩ ላይ ቆመች። ቀስ በቀስ ልራቅ፣ ዛሬ አንድ እርምጃ፣ በወሩ ሌላ አንድ፣ የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣላትም። ስንጥቁ ላይ የቀረችው ሰነፍ ናት የተባለ ነበር የመሰላት።

የምትለማመደው ከሰንበሌጥ ጋር ነው። ሰንበሌጥ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ረጅም ከመሆኗ የተነሣ በር ስትገባ አንገቷን የምትሰብር፣ ኳሷም ከመስመሩ ያለ ብዙ ድካም የምትደርስላት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ተጣሉ። የሜዳው መረብ የተቀደደ ስለሆነ፣ ኳስ ገባች አልገባችም የሚለው ከሩቅ አይለይም። «ገብታለች!» ትላለች ብይ፤ «ኧረ በጎን ነው የሄደችው፣ አትሸውጂኝ!» ትላለች ሰንበሌጥ። መላ ፈጠሩ። ሰንበሌጥ የእህቷን ስልክ ይዛ መጣች፣ ቀለበቱ አጠገብ ቆመች፣ ብይ እንዳለቻት እሱን ብቻ አቅርባ መቅረጽ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ጠብ የለም። የገባችው ተቆጥራ ደብተር ላይ ትሰፍራለች።

ሦስት ወር ሙሉ፣ በቀን ሁለት መቶ ውርወራ፣ ቪዲዮው ላይ ቀለበት ብቻ። የምትወረውረው ልጅ የለችበትም።

መጀመሪያ ከመቶ ስምንት ነበር። ከዚያ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ የደረሰ ቀን ብይ ደብተሩን አቅፋ ነው የተኛችው። ከዚያ በኋላ ትከሻዋ መጠዝጠዝ ጀመረ፣ ቁጥሩም መውረድ። ሲወርድ ደግሞ ምን አደረገች? ሁለት መቶውን ሦስት መቶ አደረገችው።

ከዚያ ቀን የቡድን ምርጫ በኋላ ቤት ስትገባ እናቷ ስፌት መኪናው ላይ ነበረች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል ሱቋም፣ ሳሎናቸውም፣ የምግብ ቦታቸውም እሱ ነው። ከንፈሮቿ መሃል ሁልጊዜ ሦስት አራት መርፌ ቁልፍ አይጠፋም፤ ስለዚህ የምታወራው በአፏ ጥግ ነው።

«ማሊያሽን አምጪ» አለቻት፣ ገና ከደጃፉ።

«ደህና ነው እማ።»

«ደህና ከሆነ ብብትሽ ሥር የተከፈተው መስኮት ምንድን ነው?»

ብይ አውልቃ ሰጠቻት፤ አሮጌ ካናቴራ አጠለቀች። እናቷ ማሊያውን ገለበጠችው። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። እናቷ መርፌ ከአፏ ካወጣች ነገሩ ከባድ ነው።

«ይሄን ስፌት ስሠራው ሦስተኛዬ ነው» አለች። «ሁለተኛውን በድርብ ክር ነው የሰፋሁት። እኔ በድርብ ክር የሰፋሁት ነገር ተተርትሮ አያውቅም፤ ደንበኛ እንዳይሰማ! ደግሞ እይው፣ ግራው አዲስ ነው። ቀኙ ብቻ ነው የሚተረተረው። ወገቡም ተጠማዟል። አንቺ ይሄን ልብስ ለብሰሽ ምንድን ነው የምትሠሪው፣ በር ነው የምትሰብሪው?»

«ኳስ ነው የምወረውረው።»

«እስኪ ወርውሪ።»

«እዚህ ቤት ውስጥ?»

«ኳሱን ማን ሰጠሽ! ትራሱን ወርውሪ። ቆይ።» ሰማያዊውን የስፌት ጠመኔ አነሣችና በካናቴራዋ ጎን ላይ ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። «በይ አሁን። ያንን የሩቁን።»

ብይ ትራሱን ከዳሌዋ አንሥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ወረወረችው። «እንዳለሽ ቁሚ!» አለች እናቷ፤ ትከሻዋን ይዛ ወደ መስታወቱ አሳየቻት። ከላይ ወደ ታች የወረደው ሰማያዊ መስመር እንደ መቀነት ተጠምጥሞ ጀርባዋ ጋ ደርሷል።

«አሁን የቅርቡን። የድሮውን።»

ብይ ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ ወረወረች። መስመሩ ያው ሆነ።

እናቷ ወደ ጓዳ ገብታ የቁርጥራጭ ጆንያዋን ስትበረብር ቆየችና የብይን የድሮ ማሊያ ይዛ ወጣች፤ የጠበባትን፣ ለመወልወያ የተጣለውን። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«ይሄን ሁለት ዓመት ለብሰሽዋል» አለች፣ የአሮጌውን ብብት እየዳሰሰች። «ቀለሙ ሄዷል፣ ጨርቁ ሳስቷል። ስፌቱ ግን የመጀመሪያው ስፌቴ ነው። አንድም ክር አልተፈታም። ልጄ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። ግን እዚህ ውስጥ የነበረችው ልጅና እዚህ ውስጥ ያለችው ልጅ አንድ ዓይነት አትወረውርም።»

ብይ ሁለቱን ማሊያዎች እያየች እንባዋ መጣ። ሦስት ወር የጻፈችው ደብተር ያልነገራትን ሁለት ጨርቅ ነገራት። ማሊያዎቹን ለማንሣት ብላ እጇን ስትዘረጋ ትከሻዋ ወጋትና ፊቷን አኮማተረች።

«አሞሻል!»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«...ወር ይሆናል።»

«ወር! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተዪ ትይኛለሻ!» አለች ብይ፣ ጮክ ብላ። ከዚያ በኋላ ለቅሶው አላስችል አላት። እናቷ አልተቆጣችም። አቅፋት ቆየች፤ የሚያምማት ትከሻ ላይ እጇን ሳታሳርፍ።

በማግስቱ ሰንበሌጥ ሜዳ ላይ እንደ ልማዷ ስልኩን ወደ ቀለበቱ ስታነሣ፣ ብይ «እሱን ተዪው» አለቻት። «እኔን ቅረጪኝ። ከእግር እስከ ራስ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ቅረጪ በናትሽ።»

ከአንድ እርምጃ፣ ከሁለት፣ ከሦስት፣ ከመስመሩ ወረወረች። ከዚያ ጥላው ሥር ተቀምጠው አዩት። ብይ ራሷን አላወቀቻትም። ከመስመሩ የምትወረውረው ልጅ ጉልበቷን አታጥፍም፤ ተጣምማ፣ ክርኗን ወደ ውጭ ከፍታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ነው የምታስፈነጥረው። የሚያሳዝነው ግን እሱ አይደለም። ከአንድ እርምጃ፣ ከቀለበቱ አፍንጫ ሥር ሆናም የምታደርገው ያንኑ ነው።

ሰንበሌጥ ሣር እየነጨች ቆየች። «አይቼው ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«እንዲህ እንደሆንሽ። ከመጀመሪያው ሳምንት።»

ብይ ዞራ አየቻት። «እና ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ! በየቀኑ ቁጥር እየጻፍሽ ስትዘዪ እንዴት ብዬ ላበላሽብሽ? ደግሞ...»

«ደግሞ ምን?»

«ብቻዬን መግባት አልፈለግኩም። ቁጥሩ እያደገ ነው፣ ትገባለች፣ አብረን እንሄዳለን ብዬ ነው።» ድምፅዋ ሰለለ። «የምር ነው የምልሽ።»

ብይ ልትጮህባት ፈልጋ ነበር፤ ግን ጉልበት አጣች። ሰንበሌጥን ትቆጣ እንዴ? ቀለበቱን ብቻ ቅረጪ ያለቻት ራሷ አይደለችም? ስልኩን ተቀብላ ተነሣች፣ ወደ አሰልጣኙ ሄደች።

አሰልጣኙ የስፖርት ዕቃ ክፍሉን እየቆለፈ ነበር። ቪዲዮውን ቆሞ አየው። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያየው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እዚህ ጋ» አለ በጣቱ፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ አቁሞ። «እስከዚህ ድረስ ጉልበትሽ ይበቃል። ከዚህ በኋላ አይበቃም። ሳይበቃ ሲቀር ሰውነት እንደምንም ብሎ ኳሷን ማድረስ አለበት፤ እግርሽ ያልሰጠውን ከወገብሽና ከትከሻሽ ወሰደ። ሦስት ወር እንደዚያ ስትወረውሪ ሰውነትሽ ውርወራ ማለት ይሄ ነው ብሎ ያዘው።»

«ይስተካከላል፣ ኮች?»

«ይስተካከላል። ከቀለበቱ ሥር ጀምረሽ፣ በአንድ እጅ። እዚያ ሲሆንልሽ አንድ እርምጃ ትርቂያለሽ። ካልሆነልሽ ትመለሻለሽ። ሩቁን ግን መንካት የለም።»

«በሁለት ሳምንት?»

አሰልጣኙ ቁልፉን አገላበጠ። «ወራት ነው» አለ። «በመጀመሪያው ቀን ሳይሽ ማስቆም ነበረብኝ። ግን እኔም የማየው ቁጥርሽን ነበር።» ከዚያ ተነሣ። «ቦታውን ላቆይልሽ አልችልም። ሌሎች ልጆች አሉ።»

ብይ አላመነችውም እንበል፤ ወይም አምናው መተው አልቻለችም። ያን ሳምንትም፣ ቀጣዩንም መስመሩ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ትግባና ከዚያ ታስተካክላለች፣ ምን ችግር አለው? ሰንበሌጥም እንደዚያው አለቻት። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት ተንደርድራ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እየጠዘጠዛት ወረወረች። አንድ ገባ። ሁለት። ሦስት። ዘጠነኛዋ ኳስ ሰሌዳውን መትታ ገባች።

«አራት!» ሰንበሌጥ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አራት ገባልሽ! ቅዳሜ ይሄንን ብቻ ድገሚው!»

ብይም ሳቀች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አልሳቀችም ነበር። ሰንበሌጥ ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ ብይ ኳሷን ይዛ ዝም ብላ ወደ ስንጥቋ ሄደች። ማንም አያያትም። ቀለበቱን አየች፣ እጇን አነሣች፣ እጇ ወረደ። ኳሷ ከሰሌዳው በላይ አልፋ ሄደች። አጥሩ ዘንድ ሄዳ አነሣቻትና እዚያው ተቀመጠች። እንዲያ ባዶ ሆና አታውቅም። አሁን ማልቀስም አልመጣላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ማሊያው ታጥቦ፣ ለአራተኛ ጊዜ ተሰፍቶ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። እናቷ መርፌ ቁልፎቿን በአፏ ይዛ ነበር። «እንደፈለግሽ» አለች በአፏ ጥግ። «ብቻ አልዋሽሽም፣ ይሄም ስፌት አይቆይም።» ብይ ማሊያውን ለበሰች። ስትወጣ ከስፌት መኪናው ጎን ካለው ቆርቆሮ አንድ የሰማያዊ ጠመኔ ስባሪ ወስዳ ኪሷ ከተተች።

ሜዳው ላይ አራት ልጆች ተሰልፈዋል። ሰንበሌጥ አግዳሚው ላይ ሆና ሁለት እጇን ጨብጣ አየር ላይ ትነቀንቃለች። «ብይ!» አለ አሰልጣኙ ወረቀቱን ይዞ። «አንቺ ሁለተኛ ነሽ።»

ብይ ወደ እሱ ቀረበች። መስመሩ ከፊቷ ነው፤ አዲስ ቀለም፣ ነጭ። ረቡዕ አራት ገብቶላት ነበር። ዛሬም ሊገባላት ይችላል።

«ስሜን ይሰርዙት፣ ኮች» አለች።

አሰልጣኙ ቀና ብሎ አያት። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲያልፍ ድምፁ ተሰማት። ሰንበሌጥ እጆቿን አወረደች። ብይ ወደ እሷ ሳታይ ሄደች፤ ብታያት ትመለስ ነበር።

በሜዳው ማዶ መረብ የሌለው አሮጌ ቀለበት አለ። ትንንሾቹ የሚጫወቱበት ነው። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ ብቻዋን ኳስ ታነጥራለች። ብይ ከቀለበቱ አንድ እርምጃ ለካች፣ ተንበርክካ በጠመኔው አጭር መስመር አሰመረች፣ ላዩ ላይ ቆመች።

«እዚህ ሆኖማ እኔም አገባለሁ!» አለች ትንሿ።

«እስኪ አግቢ።»

ትንሿ በሁለት እጇ ወረወረች፤ ገባ። በድል ሳቀች። ብይም ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከወዲያ ማዶ ፊሽካው ተነፋ፤ «አንድ! የገባ አንድ!» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል። ከእንግዲህ በዚያ ድምፅ ስሟ አይጠራም። ኳሷን ከትንሿ ተቀብላ በግራ እጇ ደግፋ ያዘች።

ከዚያ ግራ እጇን ለቀቀች። ጉልበቷን አጠፈች፣ ክርኗን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አደረገች፣ እጇ ወደ ዳሌዋ እንዳይወርድ እየታገለች ያዘችው። ወረወረች። ኳሷ የቀለበቱን ፊት ነክታ ወደቀች።

«አልገባችም!» አለች ትንሿ ልጅ።

«አዎ» አለች ብይ። የምታየው ኳሷን አልነበረም፤ ጎንበስ ብላ እግሮቿን ነበር። ሁለቱም ወደ ቀለበቱ ዞረዋል። «አቀብዪኝ።»